የብርሌ አንገትና የብርጭቆ እግር

በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ ከሲያትል በስተደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከታኮማ ደግሞ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ፌደራል ዌይ ስሙን ያገኘው ከአውራ ጎዳና ነው። 99 ቁጥር በተሰጠው የፌደራል መንገድ አካባቢ የነበሩ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች በ1929 በአንድ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ የመንገዱ ስም ለትምህርት ቤቶቹ፣ ከእነሱም ለሰፈሩ ተላለፈ፤ ሰፈሩ ራሱን የቻለ ከተማ የሆነው ግን በ1990 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ከ1974ቱ አብዮት በፊት ለትምህርት የመጡ ጥቂት ሰዎች ብቻ የነበሩበት የሲያትል ኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ፣ አሜሪካ በ1980 የስደተኞችን ሕግ ካወጣች በኋላ እየሰፋ ሄዶ፣ በመጀመሪያ በሴንትራል ዲስትሪክትና በሬይኒየር ሸለቆ ምግብ ቤትና ሱቅ ከፈተ፤ የከተማው የቤት ዋጋ ሲንር ግን ብዙ ቤተሰብ ወደ ደቡብ፣ ወደ ተክዊላ፣ ወደ ሬንተን፣ ወደ ኬንትና ወደ ፌደራል ዌይ ተሻገረ።

በእንዲህ ያለ ቤተሰብ የዕቃ መደርደሪያ ላይ የተለያየ ታሪክ ያላቸው ሁለት የመጠጫ ዕቃዎች ጎን ለጎን ሊገኙ ይችላሉ። አንደኛው ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ጠባብ የሆነው የጠጅ ብርሌ ነው፤ ሁለተኛው ሆዱ በቀጭን እግር ላይ የቆመ፣ እግሩም በጠፍጣፋ መቀመጫ የሚያልቅ የወይን ብርጭቆ ነው። የዋሽንግተን ግዛት ከካሊፎርኒያ ቀጥሎ በአገሪቱ ትልቁ የወይን ጠጅ አምራች እንደመሆኑ፣ የትኛው ባለ እግር ብርጭቆ ከየትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር በዚያ አካባቢ የተለመደ የማዕድ ወሬ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ከአንድ ጠርሙስ ጥሩ ወይን በላይ በሚሸጥበት ገበያ ክርክሩ የገንዘብ ጉዳይም ይሆናል። ኢትዮጵያዊው ጠጪ ወደዚህ ክርክር ሲገባ ባዶ እጁን እንዳልሆነ፣ የመጠጫ ዕቃን ማማረጥም በአገሩ ረጅም ታሪክ እንዳለው ማሳየት ይቻላል፤ ልዩነቱ፣ ያ ማማረጥ ለአፍንጫ ከመጨነቁ በፊት ለዐይን፣ ለእጅና ለማዕረግ የተጨነቀ መሆኑ ነው።

ብርጭቆ ለኢትዮጵያ የቅርብ ጊዜ እንግዳ አይደለም። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስሙ ያልታወቀ አንድ ነጋዴ በግሪክኛ የጻፈው፣ ፔሪፕለስ የሚባለው የኤርትራ ባሕር የንግድ መምሪያ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል ብዙ ዓይነት የብርጭቆ ሥራን፣ እንዲሁም ከሎዶቅያና ከኢጣሊያ የሚመጣ ጥቂት የወይን ጠጅን ይቆጥራል፤ ይህም ወይኑና ብርጭቆው በአንድ ዘመን፣ በአንድ ወደብ በኩል እንደገቡ ያመለክታል። በአክሱም በተለይም የጡብ ቅስት መቃብር በሚባለው ስፍራ በተደረጉት ቁፋሮዎች፣ ማለትም በ1970ዎቹ በኔቪል ቺቲክ፣ በ1990ዎቹም በዴቪድ ፊሊፕሰን በተመሩት ጥናቶች፣ የብርጭቆ ዕቃዎች ስብርባሪ ተገኝቷል። ከሙታን ጋር የሚቀበር ዕቃ በሕይወት ሳሉ የሚኮሩበት ዕቃ ነውና፣ የአክሱም ባለጸጎች ብርጭቆን ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ተርታ ሳያዩት አልቀሩም።

የአክሱም የባሕር ንግድ ከተዳከመ በኋላ በደጋው ቤት የመጠጫው ነገር በቀንድ፣ በሸክላና በቅል ላይ ተመሠረተ። ቢሆንም የብርጭቆ ጽዋ ጨርሶ አልጠፋም። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ ከ1520 እስከ 1526፣ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በአገሩ የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአንጎት ገዢ ቤት ስለተደረገላቸው ግብዣ ሲተርክ፣ አራት ትልልቅ ጋን ጥሩ ጠጅ እንደቀረበና ከእያንዳንዱ ጋን ጋር አንድ አንድ የክሪስታል ጽዋ እንደነበረ፣ የገዢው ሚስትና ሌሎች ሴቶችም በመጠጣቱ እንዳገዟቸው ይናገራል። ከዚህ ትረካ ትልቁ ቁም ነገር ብርጭቆው መኖሩ ብቻ አይደለም፤ ለአንድ ጋን አንድ ጽዋ መሆኑ ነው። ብርጭቆው የአንድ ሰው ንብረት ሳይሆን የጋኑ ተከታይ ነበር፤ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ተጋባዦቹን ሁሉ ያዳርሳል። በየወሩ በቅዱሳን ስም የሚጠጣው የጽዋ ማኅበር እስከ ዛሬ ድረስ፣ በውጭ አገር ባሉ ምእመናን ዘንድም ጭምር፣ ጽዋውን ከአንዱ ቤት ወደ ተረኛው ቤት የሚያሻግረው በዚሁ በጥንቱ ሥርዓት ነው።

የብዙኃኑና የሠራዊቱ ዕቃ ግን ቀንደ ዋንጫ ነበር። ቀንድ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ባለሙያው የለሰለሰውን ቀንድ ጫፉን ቆርጦ፣ አፉን አስፍቶና አቃንቶ፣ ሥሩን በእንጨት ወይም በራሱ በቀንድ ክዳን ከደፈነ በኋላ ፍቆ ያለሰልሰዋል። ሲጨርሰው ቀላል፣ ከእጅ ቢወድቅ የማይሰበር፣ በዘመቻ ጊዜ ከበቅሎ ጭነት ጋር ቢንገላታም ጉዳት የማይደርስበት ዕቃ ይሆናል። ከቀንዶች ሁሉ የታወቀው ረጃጅም ቀንድ ያለው የሰንጋ ቀንድ ነበር። በ1769 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ የእነዚህ ከብቶች ቀንድ እንዲህ የሚረዝመው በበሽታ ምክንያት ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ከእሱ በኋላ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ግን በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ ከብቶቹን በሙሉ ጤና ሲግጡ ማየቱን ገልጾ ይህን አስተሳሰብ ውድቅ አደረገ፤ ካያቸውም ሁሉ ትልቁ ቀንድ 4 ጫማ፣ ማለትም 1.2 ሜትር ያህል እንደሚረዝምና የሥሩ ዙሪያ 21 ኢንች፣ ማለትም 53 ሴንቲ ሜትር እንደሆነ መዘገበ። እንዲህ ያለው ቀንድ የአንድ ሰው መጠጫ ሊሆን አይችልም፤ ጠጅ የሚቀዳበትና ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚወሰድበት ማድጋ መሆኑ ነው። የመኳንንቱ ምርጫ ደግሞ የአውራሪስ ቀንድ ነበር፤ ከዚሁ ቀንድ የጎራዴ እጀታም ይሠራ ስለነበር፣ ጎራዴውና ዋንጫው የአንድ ማዕረግ ምልክት ሆነው አብረው ይታዩ ነበር።

ቀንድ ግን አንድ ጉድለት አለው፤ በውስጡ ያለው አይታይም። ጠጁ የጠራ ይሁን የደፈረሰ፣ የማር ሰፈፍ ይኑረው የጌሾ ድፍድፍ፣ አሳላፊው እስከ አፉ ሞልቶት ይሁን በግማሽ ትቶት፣ ጠጪው የሚያውቀው ከቀመሰና ከጨለጠ በኋላ ነው። ብርሌ ወደ ጌቶች ማዕድ የገባው ይህን ምስጢር ገልጦ ነው ማለት ይቻላል፤ ወርቃማው የጠጅ መልክ በመስታወት ውስጥ ሲታይ የጠጅ ጣይዋ ሙያ፣ የማሩም ጥራት በአደባባይ ይፈረዳል። ይህ ለባለቤቱ ኩራትም ፈተናም ነበር።

የብርሌ ምንጭ ወደ ቬኒስ ያመራል። የቬኒስ ሪፐብሊክ እሳት ከተማዋን እንዳይበላ በመስጋት በ1291 የብርጭቆ ምድጃዎችን ሁሉ ሙራኖ ወደምትባል ደሴት እንዲዛወሩ ካዘዘች በኋላ፣ ደሴቲቱ ለብዙ መቶ ዓመታት የአውሮፓና የምሥራቅ የብርጭቆ ገበያ እናት ሆነች፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አንጄሎ ባሮቪዬር የተባለው ባለሙያ ቀለም የሌለውን ጥርት ያለ ብርጭቆ ሠርቶ ክሪስታሎ አሰኘው። የሙራኖ ሸቀጥ በካይሮና በቀይ ባሕር በኩል እስከ ጎንደር ይደርስ ነበር። ብሩስ በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ለጎንደር ቤተ መንግሥት ከቬኒስ ስለመጡ መስተዋቶች ጽፏል፤ ሶልትም በትግራይ ጌቶች ማዕድ ላይ ጠጅ ይቀርብበት የነበረውን ዕቃ በአገሩ ስሙ ብርሌ ብሎ ጠርቶ ከቬኒስ ጠርሙስ ጋር አመሳስሎታል። ስለዚህ ብርሌ ቢያንስ ከ200 ዓመት በፊት ስሙም ሥራውም በኢትዮጵያ ማዕድ ላይ ጸንቶ ነበር ማለት ነው፤ ከአውሮፓ ሲነሣ ከጠርሙስ ዘመድ የሆነ ዕቃ፣ እዚህ ሲደርስ ከአፍ ጋር የሚገናኝ የግል መጠጫ ሆነ። በዚህ ለውጥ ላይ የኢትዮጵያውያን እጅ አለበት፤ ቅርጹን ባያበጁትም አጠቃቀሙን ፈጠሩለት።

አጠቃቀሙ ሥርዓት ነበረው። አሳላፊው ብርሌውን ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት ጠጅ በእጁ መዳፍ ላይ አንቆርቁሮ ይቀምሳል፤ መርዝ እንደሌለበት ማረጋገጫ ነው። ለዚህ ሥራ ከሰፊ አፍ ዋንጫ ይልቅ ጠባቡ የብርሌ አንገት እጅግ ይመቻል፤ ቀጭን ክር የመሰለ ጠጅ ብቻ ያወርዳልና። ታላቅ ሰው ሲጠጣ ዐይነ ጥላ እንዳያርፍበት በሸማ ይጋረድ ነበር፤ ብርሌ መልኩ ገላጭ በመሆኑ ይህን መጋረጃ ከዋንጫ የበለጠ ሳይፈልገው አልቀረም። ጠጪው ብርሌውን የሚይዘው በአውራ ጣቱና በሁለት ጣቶቹ አንገቱን ይዞ ነው፤ ሆዱን በመዳፉ ቢያቅፈው ጠጁ ይሞቃል፣ ብርጭቆውም በጣት አሻራ ይደበዝዛል፣ ከሁሉም በላይ አያምርም።

በምኒልክ ዘመን ግብር በሚገባበት አዳራሽ የዕቃው ልዩነት የሰው ልዩነት ሆኖ ይነበብ ነበር። በመጀመሪያው ዙር የሚቀመጡት መኳንንትና ሹማምንት ጠጃቸው በብርሌ ሲቀርብላቸው፣ በተከታታይ ዙር የሚገባው ሠራዊት በቀንደ ዋንጫ ይጠጣል። ጠጅም ራሱ ደረጃ ነበረው፤ ለታላላቆቹ የሚቀርበው በማር የከበደና በደንብ የጠራ ሲሆን፣ ለብዙኃኑ የሚወርደው እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ተጋባዥ ከፊቱ የተቀመጠውን ዕቃ ብቻ አይቶ ጌታው እንዴት እንደሚቆጥረው ያውቅ ነበር። እንዲህ ያለ ዐይነ ልቡና ያለው ማኅበረሰብ የመጠጫ ዕቃን አያማርጥም ነበር ማለት አይቻልም፤ ማማረጡ ግን ከጠጪው ይልቅ የአስተናጋጁ ድርሻ ነበር።

ብርሌ ከውጭ የሚመጣ፣ በበቅሎ ጀርባ ተራራ ወጥቶ የሚደርስ ዕቃ ስለነበር ዋጋው ከቁሳቁሱ ይልቅ በጉዞው የተገመተ ነው። የተሰነጠቀ ቅል ይሰፋል፤ የተቀደደ አገልግል ቆዳ ይለበጣል፤ የነቃ ብርሌ ግን ዕቃ አይሆንም፤ ይህ በፍቅር ላይ የሚጠቀሰው አባባል ምንጩ የሀብታም ቤት ወይዘሮ ብስጭት መሆኑን ለመገመት አያዳግትም። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንግዱ ሲሰፋና ብርሌው ሲበረክት፣ ከጌቶች አዳራሽ ወጥቶ ወደ ከተማ ጠጅ ቤት ወረደ፤ በመርካቶም ሆነ በጎንደር ያለ ሠራተኛ ደረቅ፣ መካከለኛ ወይም ለስላሳ ብሎ የሚያዝዘው ጠጅ በብርሌ ይመጣለት ጀመር። የማዕረጉ ምልክት የሁሉ ሰው ዕቃ ሲሆን፣ ማዕረጉ ወደ ውስኪና ወደ ወይን ብርጭቆ ተሸጋገረ። በአገር ውስጥም ወይን መመረቱ ይህን አገዘው፤ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርንና አክሱማይትን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሲያቀርብ ከቆየ በኋላ፣ በዝዋይ ወይን የተከለው የፈረንሳዩ ካስቴል በ2014 ሪፍት ቫሊንና አካሲያን ለገበያ አወጣ።

የባለ እግር ብርጭቆ ታሪክም ከሙራኖ ተነሥቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዷል። የሙራኖ ሠሪዎች ብርጭቆን ከእግር ጋር ሲሠሩ እግሩ የጥበባቸው መታያ ነበር፤ በአበባ፣ በእባብና በዘንዶ ቅርጽ ይጠማዘዝ ነበር። በእንግሊዝ አገር ጆርጅ ራቨንስክሮፍት በ1674 እርሳስ የተጨመረበትን ብርጭቆ የመሥራት የባለቤትነት መብት ሲያገኝ፣ ብርጭቆው ከበደ፣ ብርሃንም ይበልጥ ሰባበረ፤ ክሪስታል ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ የሚመጣው ይህ ከባድና የተቀረጸ ብርጭቆ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን በአውሮፓም ቢሆን ብርጭቆ የተማረጠው ለዐይን ነበር፤ በዚህ ረገድ የቬኒስ ጌታና የጎንደር ጌታ ብዙም አይራራቁም።

ነገሩን የቀየረው ክላውስ ሪደል የተባለ ሰው ነው። የሪደል ቤተሰብ ከ1756 ጀምሮ በቦሄሚያ፣ በዛሬይቱ ቼክ ሪፐብሊክ ተራሮች፣ ብርጭቆ ሲሠራ የቆየ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም በዶቃ ንግድ የከበረ ቤተሰብ ነበር፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካው ሁሉ ተወረሰበት። ክላውስ ከጦር ምርኮኞች ባቡር ዘሎ በኦስትሪያ ቲሮል አምልጦ፣ በስዋሮቭስኪ ቤተሰብ እርዳታ እንደገና ሥራ ጀምሮ፣ በ1956 በኩፍስታይን ከተማ ምድጃውን አቋቋመ። በ1958 የሠራው የቡርጎኝ ብርጭቆ 1,050 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ምንም ቅርጻ ቅርጽ የሌለው፣ እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ እንደ ዱባ ሰፊ ነበር፤ በኒው ዮርክ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥም ተቀምጧል። የክላውስ ሐሳብ አጭር ነው፤ ብርጭቆ ለወይኑ መሣሪያ እንጂ ጌጥ አይደለም፣ ስለዚህ የሆዱ ስፋትና የአፉ ጥበት እንደ ወይኑ ዓይነት መለያየት አለበት። በ1973 ሶሜሊዬ የሚባለውን ሙሉ ስብስብ ሲያወጣ፣ ለእያንዳንዱ የወይን ዓይነት የየራሱ ብርጭቆ የሚለው ልማድ ተመሠረተ።

ይህ ሐሳብ ከእውነት ጋር ትንሽ ተረትም ይዞ ነበር። ሻጮች ለብዙ ጊዜ ጣፋጩ በምላስ ጫፍ፣ መራራው በምላስ ሥር ብቻ ይቀመሳል የሚለውን የምላስ ካርታ እየጠቀሱ ብርጭቆው ወይኑን ወደ ትክክለኛው ስፍራ ይመራዋል ይሉ ነበር፤ ካርታው ግን በ1901 የወጣ የጀርመን ጥናት ተጣሞ ከመነበቡ የመጣ ስሕተት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ሽታን በተመለከተ ግን ክርክሩ የበለጠ መሠረት አለው። በ2015 በቶኪዮ ሕክምናና ጥርስ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከብርጭቆ የሚወጣውን የአልኮል ተን በልዩ ካሜራ ሲቀርጹ፣ ሙቀቱ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ወይን ላይ ተኑ በወይን ብርጭቆ አፍ ዙሪያ ቀለበት ሠርቶ መሐሉ ሳስቶ አገኙት፤ ቀጥ ባለ ብርጭቆና በማርቲኒ ብርጭቆ ላይ ግን ይህ ቀለበት አልታየም። ጠጪው አፍንጫውን በመሐል ሲያስገባ አልኮሉ ሳይጋርደው የወይኑን ሽታ ያገኛል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ፉክክር ወደ ቅለትና ወደ አንድ ብርጭቆ አዘንብሏል። የባለሙያ ቀማሾች መደበኛ ብርጭቆ በ1977 በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ሲወሰን 155 ሚሊ ሜትር ቁመት፣ 215 ሚሊ ሊትር መጠን ተሰጥቶት ነበር፤ ለፍርድ የሚመች፣ ለማዕድ ግን ድሃ የሆነ ዕቃ ነው። የኦስትሪያው ዛልቶ በሃንስ ዴንክ አማካሪነት በአፍ እየተነፋ የሚሠራውን ዴንካርት የሚባል ስብስብ ሲያወጣ፣ የሆዱን ማዕዘኖች 24፣ 48 እና 72 ዲግሪ አድርጎ ከመሬት ዘንግ ማዘንበል ጋር አያይዟቸዋል፤ ይህን ምክንያት ሳይቀበሉም ብርጭቆውን መውደድ ይቻላል፤ ምክንያቱም የከንፈሩ ስስነት መጠጡን ያለ እንቅፋት ያሳልፋል፣ 530 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ሁለገቡ ብርጭቆም በእጅ ላይ ክብደቱ አይሰማም። እንግሊዛዊቷ የወይን ጸሐፊ ጃንሲስ ሮቢንሰን ከሪቻርድ ብሬንደን ጋር በ2018 ያወጣችው ብርጭቆ ደግሞ ለነጩም፣ ለቀዩም፣ አረፋ ለሚያወጣውም ወይን አንድ ብርጭቆ ይበቃል በሚል እምነት የተሠራ ነው። ለየወይኑ የየራሱ ብርጭቆ የሚለው የክላውስ ልማድ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ወደ አንድ ዕቃ እየተመለሰ መሆኑ የሚገርም ነው፤ የጠጅ ቤቱ ደንበኛ ለደረቁም ለለስላሳውም አንድ ብርሌ ብቻ ሲያነሣ መኖሩን ማስታወስ እዚህ ላይ ከስፍራው አይወጣም።

የፌደራል ዌይ ነገር ወደዚህ የሚገባው በጎረቤቱ በታኮማ በኩል ነው። በ1941 በታኮማ የተወለደው ዴል ቺሁሊ በ1968 ወደ ሙራኖ ተጉዞ በቬኒኒ ፋብሪካ ውስጥ ሠሪዎቹ በቡድን ሲሠሩ ካየ በኋላ፣ በ1971 ከሲያትል በስተሰሜን የፒልቸክ የብርጭቆ ትምህርት ቤትን ከሌሎች ጋር መሠረተ። ከ1979 ጀምሮ ሊኖ ታሊያፒየትራ የተባለው የሙራኖ ሊቅ ወደ ፒልቸክ እየመጣ ማስተማሩ በደሴቲቱ ዘንድ ቅሬታ አስነሥቶ ነበር፤ የምድጃው ምስጢር ለብዙ መቶ ዓመታት ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ሲተላለፍ የቆየ ነበርና። በ2002 በታኮማ የተከፈተው የብርጭቆ ሙዚየም 27 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ዘንበል ያለ የብረት ጉልላት ሥር የሚነድ ምድጃ አለው፤ ጎብኚው ከፍ ካለ መቀመጫ ሆኖ ብርጭቆ ሲነፋ ያያል። የሙራኖ ጥበብ ብርሌን ወደ ጎንደር ከላከ ከመቶ ዓመታት በኋላ፣ የጎንደርና የአዲስ አበባ ልጆች ከሚኖሩበት በመኪና ሩብ ሰዓት በሚያስኬድ ስፍራ እንደገና ተተከለ ማለት ነው።

በምድጃው ፊት የሚሠራውን ያየ ሰው በብርሌና በባለ እግር ብርጭቆ መካከል ያለውን ዝምድና በቀላሉ ይረዳል። ሠሪው ረጅሙን የብረት ቱቦ ከቀለጠው ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ እያዞረ ትንሽ ቅል የምታህል ትኩስ ጉብታ ያወጣል፤ በጎኑ ባለው ብረት ላይ አንከባሎ ያቃናታል፤ ከዚያም ይነፋታል። ብርሌ ከዚህች ከአንዲት ጉብታ ብቻ ይወጣል፤ ሆዱ ከተነፋ በኋላ ከቱቦው አጠገብ ያለው ክፍል ገና ለስላሳ ሳለ በመቆንጠጫ እየጠበበና እየተሳበ አንገት ይሆናል፤ ከቱቦው ከተላቀቀ በኋላም አፉ እንደገና በእሳት ተለብልቦ ይለሰልሳል። የወይን ብርጭቆ ግን ሦስት ሥራ ነው፤ ሆዱ ይነፋል፣ ከሥሩ በጠብታ የተጨመረው ትኩስ ብርጭቆ ተስቦ እግር ይሆናል፣ በመጨረሻም መቀመጫው ይለጠፋል። በሁለቱም የሠሪው እጅ አንድ ነገር ያደርጋል፤ ትኩስ ብርጭቆን ይስባል። በአንዱ የሳበው ባዶ ሆኖ ከላይ ይቀርና መጠጥ ያሳልፋል፤ በሌላው ድፍን ሆኖ ከታች ይቀርና ሆዱን ይሸከማል። የጠጪው ጣቶችም በሁለቱም ዘንድ የሚያርፉት በዚያው በተሳበው ክፍል ላይ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ነው፣ የእጅ ሙቀት ከመጠጡ እንዲርቅ።

ለማወዳደር ሲቀመጡ ብርሌ በሽታ በኩል ይሸነፋል። አንገቱ አፍንጫ አያስገባም፤ ጠጁን ማዟዟርም ሆነ ሽታውን መክፈት አይቻልም፤ ማርና ጌሾ አብረው የሠሩትን፣ ከ7 እስከ 14 በመቶ የሚደርስ አልኮል የሚሸከመውን ያን ሰፊ ሽታ ጠጪው የሚያገኘው ከዋጠ በኋላ በጉሮሮው በኩል ብቻ ነው። በአካሄድ በኩል ግን ያሸንፋል። ብርሌ በአንዴ አይጨለጥም፤ ቸኩሎ ለሚያጋድመው አየር በጠባቡ አንገት መግባት ስለሚያቅተው ጠጁ እየተንገጫገጨ ጥቂት በጥቂት ይወርዳል፤ ለስላሳ መስሎ የሚያሳስተውን ጠጅ ለሚጠጣ ሰው ይህ ልጓም ነው። ዝንብና አቧራም እንደ ሰፊው ብርጭቆ አይደፍሩትም። ትልቁ መከራው ማጠብ ነው፤ ብሩሽ ስለማይገባለት ሞቅ ያለ ውሃ ከጥቂት ሩዝ ወይም ከሻካራ ጨው ጋር ጨምሮ መናጥ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ካልተደረገ የጠጅ ድፍድፍ በሆዱ ግድግዳ ላይ ደርቆ ቢጫ ቀለበት ይተዋል።

በፌደራል ዌይ ጠጅ በቤት መጣል ሕጋዊ ነው፤ የአሜሪካ የፌደራል ሕግ ከማር የሚጣለውን ከወይን ጠጅ ጋር ቆጥሮ፣ አንድ አዋቂ ብቻ ላለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ላሉበት 200 ጋሎን፣ ማለትም 757 ሊትር ያህል፣ ለሽያጭ ሳይሆን ለቤት እስከሆነ ድረስ ይፈቅዳል። ጠጅ ጣዩ በቤቱ የጠጁን ለውጥ በየሳምንቱ ሲከታተል የሚመቸው ዕቃ ያለ ጥርጥር ባለ እግሩ ነው፤ ከዛልቶና ከሮቢንሰን ብርጭቆ መካከል ደግሞ ሁለተኛው ይሻላል፤ ምክንያቱም መጠኑ 450 ሚሊ ሊትር ሆኖ ለጠጅ ሰፊ ከመሆን አያልፍም፣ በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ቢገባም ይችለዋል፣ ዛልቶ ግን በሠርግና በክርስትና ቤት ግርግር ዕድሜው አጭር ነው። የሪደል ትልቁ የቡርጎኝ ብርጭቆ ለጠጅ አይሆንም፤ ሁለት ብርሌ ያህል የሚውጥ ሆድ የለስላሳውን ጠጅ ሽታ በትኖ ያጠፋዋል። ለማዕድ፣ ለእንግዳና ለሽማግሌ ግን የሚወደደው ብርሌ ነው፤ በማሽን የተሠራው ወፍራሙ ሳይሆን በአፍ የተነፋው ስሱ። እንዲህ ያለውን በታኮማ ምድጃ ለሚያዝ ሰው ሊነግረው የሚገባው ጥቂት ነው፤ ሆዱ ግማሽ ሊትር ያህል እንዲይዝ፣ አንገቱ ሦስት ጣት የሚያስይዝ ቁመት እንዲኖረው፣ አፉ ቀጭን የጠርሙስ ብሩሽ እስኪያስገባ ድረስ ብቻ እንዲሰፋ፣ ከንፈሩም በእሳት ተለብልቦ እንዲለሰልስ፣ ሥሩ ደግሞ በጠረጴዛ ላይ እንዳይንከባለል ወደ ውስጥ ገፋ እንዲደረግ።